ዘጠኝ ቀዳዳ

አጎቴ ለሚሠራው ቁምሳጥን ሁሉ ጀርባው ላይ ዘጠኝ ቀዳዳ ይበሳ ነበር። ሦስት በሦስት የተደረደሩ፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያሳልፉ፣ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ቀዳዳዎች። ቁምሳጥን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ስለሚቆም ገዢ አያያቸውም። አባቴ ግን ያያቸዋል፤ ባየ ቁጥርም ያጉረመርማል።

«ለአይጥ በር የሚያበጅ አናጢ አይቼ አላውቅም።»

አጎቴ መላጊያውን ሳያቆም፣ «ልብስም ይተነፍሳል» ይላል።

እኔም አመንኩት። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ ዩኒፎርሜን ሳወልቅ አፍንጫው የት ጋ ይሆን እያልኩ አገላብጠው ነበር።

ከእነዚያ ቁምሳጥኖች አንዱ ዛሬ መኝታ ቤቴ ውስጥ አለ። ባለፈው ዓመት ቤት ስቀይር ዕቃ ጫኞቹ አዙረው አቆሙትና ቀዳዳዎቹን ከስንት ዘመን በኋላ አየኋቸው። ሜትር አምጥቼ ለካሁ። ከወለሉ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር። ለተሰቀለ ኮት አየር ላስገባ የሚል ሰው ከላይ ነው የሚበሳው። ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚገኘው ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ የሰባት ዓመት ልጅ አፍና አፍንጫ ነው።

በኋላ አጎቴ ሲከሰስ መርማሪው መዶሻውን መዝኗል። ከበሩ እስከ ሬሳው ... ይቅርታ፣ ያኔ ገና ሬሳ አልነበረም፣ እስከ ወደቀው ሰውዬ ድረስ ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለክቶ ጽፏል። ጡብ የሚያህል መዝገብ ነው። ቁምሳጥኑን አዙሮ ጀርባውን ለማየት ግን አንድም ሰው እጁን አላነሳም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ያድር ነበር። ክፍሏ በር የላትም፤ የነበረውን ራሱ ነቅሎ ጠረጴዛ አድርጎታል። በበሩ ፈንታ መጋረጃ ሰቅሏል። ቁምሳጥን ጨርሶ ከመዝጋቱ በፊት ሦስት ጊዜ አንኳክቶ ጆሮውን ይለጥፋል። ሐብሐብ የሚመርጥ ሰው እንደሚያደርገው የእንጨቱን ደህንነት የሚፈትን መስሎኝ እኔም አጠገቡ ቆሜ አንኳኳ ነበር። አንዳንድ ቀን ጆሮውን ከለጠፈ በኋላ ቶሎ አይነሳም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የጨረሰውን መቀርቀሪያ ነቅሎ ይጥለዋል።

ከእኛ ጋር ቫርኒሽ የምንለው ቀለም ቀቢ ይሠራ ነበር፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ቡናማ ሆኖ ስለሚያብረቀርቅ ነው ስሙ። አንድ ቀን አጎቴ ጆሮውን ለጥፎ ሲቆይበት ብሩሹን ጣሳ ውስጥ ወረወረና፣

«ደግሞ ጀመረው አውቆ አበዱ» አለ። «ሥራ ሲከመር ነው ድምፅ የሚሰማው። እኔም ነገ ይሰማኝና ሙሉ ቀን ልተኛ።»

አባቴ ሳቀ። «ተወው እባክህ፤ ብርድና እብድ ያስቃል በግድ።»

ቃሉን ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ምሳ ሲበሉ አጎቴን ሄጄ ጠየቅኩት።

«አጎቴ፣ አውቆ አበድ ምን ማለት ነው?»

ሰጋቱራውን ከጉልበቱ አራገፈ። ቫርኒሽ ወደተቀመጠበት አየት አደረገና ወደኔ ተመለሰ።

«ብዙ ያወቀ ሰው ነዋ» አለኝ። «ያውቃል፣ ያውቃል፣ ከዚያ ሞልቶ ይፈሳል። ያኔ ያብዳል።»

«እንደ ባልዲ?»

«ልክ እንደ ባልዲ።»

«አንተ ምን አውቀህ ነው?»

«ስታድጊ እነግርሻለሁ።»

«ሐኪም ያድነዋል?»

«ጎበዝ ሐኪም ከሆነ ያድነዋል።»

እናም በእኔ መዝገበ ቃላት አውቆ አበድ የሚባለው ከበሽታ ሁሉ የከበደ፣ የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ብቻ የሚይዛቸው በሽታ ሆነ። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። «የኔ አጎት እኮ አውቆ አበድ ነው» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ከት ብለው የሳቁ ትልልቅ ልጆች ነበሩ፤ የቀኑብኝ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ሐኪም ቤት ወሰደችውና ነጭ ክኒን ይዞ ተመለሰ። ሁለት ወር ያህል አላንኳኳም። በጊዜ ይተኛል፣ ከእኔ ጋር ዳማ ይጫወታል፣ ሆን ብሎ ይሸነፍልኛል። ብቻ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ማጠፊያ አጣሞ መታና በሩ አልገጥም አለ። ያኔ አንድ ሆቴል ሃያ ቁምሳጥን አዝዞ አባቴ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

«ወንድምሽ ድኗል እኮ» አላት እናቴን፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሚስማር ስለቅም። «የዳነ ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል? እጁን ነው ያሰረው።»

«ሐኪሙ ሳልነግራችሁ እንዳታቆሙ ብሏል።»

«ሐኪሙ ቁምሳጥን ይሥራልኛ!»

በማግስቱ አባቴ ክኒኖቹን ሰጋቱራ ጆንያ ውስጥ ሲያፈስ አየሁት። ደስ አለኝ። ሮጬ ሄጄ ለቫርኒሽ «አጎቴ ዳነ!» ብዬ አበሰርኩት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም ይሉኛል ዘመዶቼ። እንዲህ ያለውን ወሬ መስማት ሰልችቶኛል። ሃያው ቁምሳጥን በቀኑ ለሆቴሉ ደርሷል፤ አንድም በር አልተጣመመም።

ፖስተኛው የመጣው ከዚያ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት። ሰፈሩ ሁሉ የሚወደው፣ ደብዳቤ የሌለው ሰው እንዳይከፋው «የነገ ሰው ይበልህ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ለልጁ ቁምሳጥን አዝዞ ሊያይ መጣ። ቦርሳውን አውርዶ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መቀርቀሪያውን ሞከረ። እኔ ፊት ለፊቱ የጣውላ ክምር ላይ ተቀምጬ ብርቱካን እልጥ ነበር። ሊያስቀኝ ፈልጎ አጎቴ እንደሚያደርገው ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

«ማነህ አንተ? ውጣ!» አለ በወፍራም ድምፅ።

ሳቅኩ። አጎቴ መዶሻ እንደያዘ ከወዲያ ጥግ ቀና አለ።

«ክፈተው» አለ።

«ቁልፉ ጠፋ» አለ ፖስተኛው፣ አሁንም እየሳቀ፣ እኔን ጠቀስ እያደረገ።

«ልጅ አለ ውስጥ። ክፈተው።»

«አጎቴ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አልኩት። እጄን አነሳሁለት። ዓይኑ በእኔ ላይ አልፎ ሄደ፤ አላየኝም። መዶሻው ሦስት ጊዜ አረፈ። ድምፁ ሚስማር ሲመታ ከሚሰማው ድምፅ የተለየ ነበር፤ ሌላ ልለው አልችልም።

ከዚያ መዶሻውን ጥሎ ቁምሳጥኑን ከፈተ። ሁለት እጁን ወደ ባዶው ሳጥን አስገብቶ አንድ ነገር እንደሚያወጣ ሰው ቀስ አድርጎ ወደ ደረቱ አስጠጋና መሬት ላይ ተቀመጠ። ይወዛወዛል። «ወጣህ» ይላል። «አለቀ፤ ወጣህ። አይዞህ፤ ወጣህ።»

እኔን የሚያባብል መስሎኝ፣ «ወጣህ» ሳይሆን «ወጣሽ» ነው የሚባለው ብዬ ላርመው አሰብኩ። ፖስተኛው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ሚስቱ በችሎቱ ቀን ሁሉ ከፊተኛው ወንበር የሱን ኮፍያ ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። የምናደድባቸው ሰዎች ዝርዝር ረጅም ነው፤ እሷ ግን የለችበትም።

ጠበቃው አንድ ቀን ቤት መጥቶ ለእናቴና ለአባቴ ሲያስረዳ በሩ ሥር ተቀምጬ ሰማሁ። «ነገሩ አንድ ጥያቄ ላይ ነው የሚቆመው» አለ። «ታሞ ከሆነ ሆስፒታል ይገባል፤ ይታከማል። አውቆ ከሆነ እስር ቤት ነው። ዕድሜውን ነው የሚጨርሰው። የሐኪም ወረቀት አላችሁ?»

ወረቀቱ የአባቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማጠፊያዎቹ ሥር ነበር። ወረቀቱ ከወጣ ክኒኑ የት ደረሰ መባሉ አይቀርም።

«ጠፍቷል» አለ አባቴ።

«ስለ አስተዳደጉስ የምትሉኝ ነገር አለ? አንዳንዴ ልጅነት ላይ የደረሰ ነገር...»

እናቴ አፏን ስትከፍት ሰማሁ፤ መልሳ ስትዘጋውም ሰማሁ። አባቴ፣ «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» አለ። ጠበቃው ከሄደ በኋላ ለምን እንደምታለቅስ ስጠይቃት እንባዋን ጠርጋ፣ «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አለችኝ። የእንጨት ሠሪ ሚስት ናት ይህን የምትለው። ነቀዝ መጀመሪያ የሚበላው ዝም ያለውን እንጨት መሆኑን በየቀኑ ታያለች።

እነእናቴን ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋቸው አንድ ዘመዳቸው ነበር፤ እናቴ «ጋሼ» ነው የምትለው። ለምስክርነት ከሩቅ ከተማ መጥቶ እኛ ቤት አረፈ። ፂሙ ነጭ፣ ኮቱ የተተኮሰ፣ ኪሱ በከረሜላ የተሞላ ሽማግሌ ነው። እኔ ወደድኩት። ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ አንድ ሁለት እያለ ጥርሴን ቆጠረ። እናቴ መጥታ ክንዴን ይዛ አወረደችኝ፣ አመመኝ፤ ባለጌ ሆነችብኝ።

በችሎት ጋሼ ቀጥ ብሎ ቆሞ መሰከረ። «ከሕፃንነቱ ክፉ ነበር» አለ። «በሰባት ዓመቱ አልጋ የሚያረጥብ፣ ስትገስጸው የሚጮህ ነበር። ሰው እንዲሆን ቀጥቼዋለሁ፣ አልሆነልኝም።» የመሀል ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። እንዴት ቀጣኸው ያለው የለም። አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ከአራት ፊደል አትበልጥም፣ «እንዴት» የምትባል።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ድርጊቱን ከፊት ለፊት ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የምስክር መቆሚያው ከጣውላ የተሠራ ሳጥን ነው፤ ለትልቅ ሰው ደረት ይደርሳል፣ እኔን ከጭንቅላቴ ጫፍ በቀር ዋጠኝ። ፖሊሱ አስገብቶኝ ትንሿን በር ከውጭ ቀረቀራት። ለማየት በእግር ጣቶቼ ቆምኩ። ሙጫው የተዝረከረከ፣ ማዕዘኑ ያልገጠመ የግዴለሽ ሥራ ነበር። አጎቴን አየሁት፤ እሱ የሚያየው እኔን አይደለም፣ መቀርቀሪያውን ነው። ሥራውን እየናቀ ነው ብዬ ሳቄ መጣ።

ዐቃቤ ሕጉ ድምፁ አዳራሹን የሚሞላ ሰው ነበር። ያየሁትን አስወራኝ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለ።

«አጎትሽ ይህን ሲያደርግ ታሞ ነበር ወይስ አውቆ ነው?»

የጠበቃው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሆስፒታል ወይስ እስር ቤት። የአጎቴ ዕድሜ በእኔ አፍ ውስጥ መሆኑ ገባኝ። ታሞ ነበር ማለት ብቻ ግን አነሰብኝ። ታሞ የሚባለው ጉንፋን የያዘውም ነው። የማውቀውን ከሁሉ የከበደውን የበሽታ ስም መረጥኩ።

«አጎቴ አውቆ አበድ ነው!» አልኩ፣ ኋላ የተቀመጡት እንኳ እንዲሰሙኝ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ። ዐቃቤ ሕጉ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አውቆ አበድ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ወደ አጎቴ ዞርኩ። ፈገግ ብሎ እያየኝ ነበር። በደንብ መለስኩ ማለት ነው ብዬ እኔም ፈገግ አልኩለት። ጠበቃው ብድግ ብሎ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሕፃኗ የቃሉን ትርጉም...» ሲል አጎቴ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። «ተዋት» ሲል ሰማሁት። «ትውጣ። ጨርሳለች።»

በሠላሳ ዓመቴ መዝገቡን አስወጥቼ አነበብኩ። «ምስክሯ ተከሳሹ ዕብደትን የሚያስመስል መሆኑን ከራሱ አንደበት መስማቷን አረጋግጣለች። ተከሳሹም ይህ ሲነገር ፈገግ ማለቱን ችሎቱ ተመልክቷል» ይላል። ከሥሩ ዳኛው ከራሱ ጨምሮ፣ «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ብሎ ተረት አክሎበታል። በተረት ሃያ ዓመት ፈረዱበት። ስምንት ዓመት የሆናትን ልጅ፣ «የኔ ልጅ፣ አውቆ አበድ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለባልዲው ታሪክ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ፍርዱን ሰምቼ ስለ ሃያው ዓመት ስጠይቅ እናቴ «ሆስፒታል ነው» አለችኝ፤ አመንኳት። ያዳንኩት እኔ መሆኔን እያሰብኩ አምስት ዓመት ኮራሁ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ አንዲት የክፍላችን ልጅ በፈተና መሀል ራሷን ስታ ወደቀች። አስተማሪያችን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋትና፣ «ተነሺ፣ አውቆ አበድ! ማስመሰሉን ለእናትሽ» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ያንን ሳቅ አውቀው ነበር።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። የምጮኸውን ሁሉ እስክጨርስ ጠበቀችኝና የሳሙና እጇን ሳትጠርግ መናገር ጀመረች። ጋሼ አልጋ ባረጠበ ቁጥር ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፍበት ነበር። አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን። ቁልፉ ከጋሼ አንገት አይወርድም። እሷ አሥር ዓመቷ ነበር። ወንድሟ ሚስማር አግኝቶ ከውስጥ ሲቧጥጥ ሲቧጥጥ ጀርባው ላይ አንዲት ቀዳዳ ከፈተ። በዚያች ቀዳዳ ስንደዶ አስገብታ ውሃ ታጠጣው ነበር።

«ሲያንኳኳ እሰማለሁ» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ነው የሚያንኳኳው። አለሁ ማለቱ ነው።»

«ይህንን ለምን ለዳኞቹ አልተናገርሽም?»

«ጋሼ እኛ ቤት ነበር ያረፈው» አለች። መልስ ብላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጋሼ በሞተበት ዓመት እንኳ አላለቀስኩም፤ እሷም እንዳታለቅስ ከልክያታለሁ። ጭካኔ ነው ካላችሁ ይሁን።

አጎቴን ለመጠየቅ መታወቂያ ስለሚያስፈልግ አሥራ ስምንት ዓመት መሙላት ነበረብኝ። የእስር ቤቱ መጠየቂያ ሁለት የሽቦ አጥር ነው፤ መሀሉ ላይ ጠባቂ ይመላለሳል። አጎቴ ፀጉሩ ሸብቶ፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ መጣ። ከእናቴ እንደሰማሁት ክኒን ሲኖር ይሰጡታል፤ ሳይኖር ሲቀር ሲያንኳኳ ያድራል፣ ለማንኳኳቱም ይቀጣል፤ ቅጣቱ ጠባብ ክፍል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የሞተው። ያን ቀን ግን ደህና ቀኑ ነበር።

«አደግሽ» አለኝ። «ዳማ ትጫወቻለሽ?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «አጎቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ» አልኩት። «ቃሉን አላውቀውም ነበር።»

«እኔ አይደለሁ ያስተማርኩሽ? ምን ብዬ ልንገርሽ ያኔ? አጎትሽን አስመሳይ ይሉታል ልበልሽ? ባልዲው ይሻላል ብዬ ነው።» ሳቅ አለ። «ችሎት ላይ ስትናገሪው ደስ አለኝ። አልረሳችውም አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ጠበቃው ሊያስረዳ ተነስቶ ነበር። አንተ አስቀመጥከው። አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁኝ እኮ ያልቅ ነበር!»

ሽቦውን በሁለት ጣቱ ያዘ። ጠባቂው እስኪያልፍ ጠበቀ።

«እንደገና ሊጠይቁሽ ነዋ» አለኝ። «በዚያ ላይ ሰውዬው ይጮህብሽ ነበር። አንቺ አታስታውሺውም ይሆናል። በሩን ከውጭ ነው የቀረቀሩብሽ። ጭንቅላትሽ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ስትደክሚ እሱም ይጠፋል። ሳጥኑን ደህና አድርጌ አየሁት፣ ዙሪያውን።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሌላ ሰው ነውር እንደሚያወራ ሰው።

«አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።»